አንድ ጄሪካን ሁለት ጊዜ፦ ጡንቻዋ ስለሚፈረጥም ሴት ታሪክ ለመጻፍ

የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። እናቴ ሽሮ ሜዳ ከ30 ዓመት በላይ የሀበሻ ቀሚስ ሰፍታለች፤ እኔም ቀን ከእሷ ጋር እሰፋለሁ፣ ማታ ታሪክ እጽፋለሁ። የምጽፈው አንድ ዓይነት ታሪክ ብቻ ነው። ተራ ኑሮ የምትኖር ሴት ሰውነቷ ይለወጣል፤ ትከሻዋ ይሰፋል፣ ክንዷ ይፈረጥማል፣ ትናንት ያቃታትን ዛሬ ታነሳለች። እንዲህ ያለ ታሪክ የምንወድ ሰዎች ከምታስቡት በላይ ብዙ ነን። ስንገናኝ የምንከራከረውም ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነው፦ የትኛውን ታሪክ አመንነው? የትኛውስ መሐል ላይ ለቀቀን? እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ አንባቢ ለውጡን የሚያምነው አንዱን ሸክም ሁለት ጊዜ ሲያየው ነው።

ስለዚህ ከሴቷ በፊት ሸክሙን ምረጡ። ብዙ ጀማሪ የሚነሳው ከክንድ ዙሪያ ነው፤ «28 ሴንቲ ነበር፣ 45 ሆነ» ይላል። ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስለምውል ይህ ቁጥር ለእኔ ይታየኛል። ለአብዛኛው አንባቢ ግን 45 ሴንቲ ክንድ ምን እንደሚያክል አይታየውም። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጄሪካን ግን የማያውቅ የለም። ሲሞላ 20 ኪሎ ውሃ ነው። እጀታው መዳፍ ይቆርጣል፣ ውሃው ሲላጋ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ ዳገት ላይ ጉልበትን እየመታ ይሄዳል። አንባቢው ይህን ሁሉ በገዛ እጁ ያውቀዋል፤ እናንተ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም።

በመጀመሪያው ምዕራፍ ሴቷ ያንን ጄሪካን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሦስት ጊዜ አርፋ ደጃፏ ትድረስ። የት የት እንዳረፈች ጻፉ፤ ከቧንቧው አጠገብ ያለው ድንጋይ፣ የጎረቤት አጥር፣ የመብራት እንጨቱ ሥር። ከዚያ ጄሪካኑን ተዉትና ስለ ሌላ ነገር አውሩ። ለውጡ ከደረሰ በኋላ ጄሪካኑን በአንድ እጇ አንጠልጥላ፣ በሌላው ስልክ እያወራች እነዚያን ሦስት ቦታዎች ትለፋቸው። «ጠነከረች» የሚለውን ቃል ጨርሶ አታስገቡ። አንባቢው ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ራሱ ይቆማል፤ እሷ ግን አትቆምም። ታሪኩ የሚሠራው እዚያ ላይ ነው።

ልኩንም እወቁ። የሴቶች ክብደት ማንሳት ኦሎምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ነው። ቻይናዊቷ ሊ ዌንዌን በቶኪዮ ኦሎምፒክ 180 ኪሎ ከራሷ በላይ አንስታለች፤ ዘጠኝ ሙሉ ጄሪካን ማለት ነው። ይህን ካወቃችሁ ባለታሪካችሁ ከሰው ልጅ ድንበር የምትወጣበትን ገጽ ትቆጣጠሩታላችሁ። ሁለት ጄሪካን አንስታ መንደሩ «ተአምር!» ብሎ ከጮኸ አንባቢ አይከተላችሁም፤ እናቱ ስታነሳ አይቷልና።

ቀጥሎ የለውጡን ቅደም ተከተል አስቡበት። እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ጂም እሄዳለሁ። ስጀምር ባዶውን ብረት፣ 20 ኪሎውን፣ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ስኳት (ቁጭ ብድግ) ስሠራ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። በወር ውስጥ ክብደት ጨመርኩ፤ መስታወት ፊት ስቆም ግን ያው ነኝ። በኋላ ሳነብ ምክንያቱ ገባኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበት የሚጨምረው በአብዛኛው ጡንቻው ስላደገ አይደለም፤ አንጎልና ነርቭ ያለውን ጡንቻ አስተባብረው መጠቀም ስለሚማሩ ነው። የጡንቻው መወፈር በዓይን የሚታየው ዘግይቶ ነው። በአራተኛው ወር ይመስለኛል፣ እናቴ ሸሚዜን ልትለካ ክንዴ ላይ ሜትር ጠመጠመች፣ አንዴ አየችኝ፣ ደግማ ጠመጠመች። «አንድ ሴንቲ ተኩል ጨምረሻል» አለችኝ። ከእኔ በፊት ያወቀችው እሷ ናት።

ለጸሐፊ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ጉልበት ከመልክ ቀድሞ ይምጣ። ሴቷ በመጀመሪያ ዕቃው የቀለለ ይምሰላት፤ በሩ በሰፊው ተበርግዶ ግድግዳ ይምታ፤ የማሰሮ ክዳን እጀታው ተነቅሎ እጇ ላይ ይቀር። ራሷን ሳይሆን ዓለሙን ትጠርጥር። ሰውነቷ ከዚያ በኋላ ይከተል። ድንቅ የሆነ፣ በአንድ ሌሊት የሚደርስ ለውጥ ብትጽፉም ይህን ተራ ካልረሳችሁ ተአምሩ ራሱ ሥጋ ይለብሳል። የሚያመውንም አትዝለሉት። ከባድ ሥራ የሠራ ጡንቻ ሕመሙ በሁለተኛው ቀን ይብሳል፤ ጅማት ከጡንቻ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክር፣ ስለዚህ ክርንና ጉልበት ያጉረመርማሉ፤ መዳፍ መጅ ያወጣል፤ በብብት አጠገብ ቆዳው ተወጥሮ እንደ ክር የቀጠኑ መስመሮች ይታያሉ። እነዚህን ስትጽፉ አንባቢ በራሱ ገላ ይሰማዋል።

ሴቷ ቁመትም የምትጨምር ከሆነ ሒሳቡን ሥሩ። 1 ሜትር ከ65፣ 60 ኪሎ የሆነች ሴት መልኳ ሳይለወጥ ቁመቷ እጥፍ ቢሆን ክብደቷ እጥፍ አይሆንም፤ ስምንት እጥፍ፣ 480 ኪሎ ይሆናል። አጥንቷና ጡንቻዋ ግን ተቆርጠው ቢታዩ ስፋታቸው፣ ከእሱም ጋር ጥንካሬያቸው፣ የሚያድገው አራት እጥፍ ብቻ ነው። ማለት፣ ለራሷ ሰውነት ከበፊቱ የደከመች ትሆናለች፤ አልጋው ይሰበራል፣ የጭቃ ቤት ወለል ይሰረጉዳል። በመጀመሪያው ታሪኬ ባለታሪኬን 3 ሜትር አድርሼ በዚያው የሽቦ አልጋዋ ላይ አስተኛኋት፤ አንዲት አንባቢ «አልጋው እንዴት ቻላት?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ልክ ነበረች። አሁን ከአንድ አሥረኛ በላይ አላስረዝምም። ያንኑ ያህል ብቻ ብታድግ እንኳ 60 ኪሎዋ ወደ 80 ይጠጋል፤ ለአንድ ታሪክ በቂ ነው።

ምግቡም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ጡንቻ ከአየር አይሠራም። ክብደት የሚያነሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚመከሩት ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ነው፤ ለ60 ኪሎ ሴት 96 ግራም ይመጣል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ቢሰጥ 16 እንቁላል ማለት ነው። ሴትየዋ ጾመኛ ከሆነችስ? በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋም እንቁላልም የለም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ እያለች ትሪው ባዶ እስኪሆን ስትበላ፣ ከዚያም እየራባት ስትነሳ ጻፉት። ባል «ምን ነካሽ?» ይላል፤ አማት የእንጀራውን ቁጥር ትቆጥራለች። ግጭቱ ሳትፈልጉት ከመሶቡ ይመጣል።

ሴቷ የተለወጠችበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሱት። እ.ኤ.አ. በ1980 በማርቭል የሥዕል መጽሐፍ የወጣችው ጠበቃዋ ጄኒፈር ዋልተርስ፣ ሺ-ሀልክ፣ የተለወጠችው ከአጎቷ ልጅ ከብሩስ ባነር፣ ግዙፉን ሀልክ ከሚሆነው ሰው፣ ደም ተሰጥቷት ነው። አንድ ደም፣ አለቀ። (በዚያው ዓመት የመጀመሪያው ሚስ ኦሎምፒያ፣ የጡንቻማ ሴቶች ውድድር፣ ተካሂዶ ሬቸል መክሊሽ አሸንፋለች፤ ጡንቻማ ሴት በወረቀትም በመድረክም በአንድ ዓመት መታየቷ ደስ ይለኛል።) የሶምሶንም ጉልበት እንደዚሁ ነው፤ ለእግዚአብሔር ስለተለየ ጸጉሩ አይላጭም፣ ከተላጨ ጉልበቱ ይሄዳል፣ አለቀ። ሕጉ አጭር ከሆነ አንባቢ ይቀበለዋል፤ ሦስት ገጽ ካስረዳችሁት መጠየቅ ይጀምራል።

ሁለት ምክንያቶችን ግን አልጠቀምም፣ እናንተም ባትጠቀሙ ደስ ይለኛል። አንዱ ጠበል ነው። እንጦጦ ላይ በሽተኛ ተሸክመው የሚወጡ ሰዎችን እያየሁ ነው ያደግኩት፤ የእነሱን ተስፋ ለመዝናኛ አላደርገውም። ሁለተኛው ቡዳ ነው። በአገራችን ወግ ሰው ሲለወጥ የሚለወጠው ወደ ጅብ ነው፣ ለውጡም የሚለጠፈው በሸክላ ሠሪና በቀጥቃጭ ላይ ነው። ከእኛ ሰፈር ብዙ ሳይርቅ ቀጨኔ ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች ይህን ስም ለትውልድ ተሸክመው ኖረዋል። እጀ ጠንካራ ሴትን የሚያስፈራ ፍጥረት የሚያደርግ ታሪክ ከበቂ በላይ ተነግሯል።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፤ ወደ ቃሉ። አማርኛ ለሰውነት ማደግ ብዙ ቃል አለው፣ እያንዳንዱም የራሱ ቦታ አለው። «ወፈረች» ካላችሁ ስብ ነው። «ፋፋች» ለሕፃን ወይም ከበሽታ ላገገመች ነው። «ደለበች» የሠንጋ ቃል ነው፤ ለሴት ስትጽፉት ገበያ ላይ ታቆሟታላችሁ። «አበጠ» ሕመም ነው፤ ክንዷ አበጠ ስትሉ አንባቢ ሐኪም ቤት ያስባል። «ገዘፈች» መጠንን ይናገራል፣ ጉልበትን ግን አይነግረንም። «ደነደነ» ለአንገትና ለባት ይሆናል። «ፈረጠመ» የጡንቻ ነው፣ የእኛው ቃል ነው፤ ስለዚህ ቆጥቡት፣ በአንድ ምዕራፍ አንድ ጊዜ፣ ትክክለኛው ቦታ ላይ። «ጎለበተች» ደግሞ ጉልበትን በውስጡ ስለያዘ ለመጨረሻው እተወዋለሁ። «ወንድ ወንድ ትላለች» የሚለውን ከባለጌ አፍ ካልሆነ አታውጡት። «እሷኮ ወንድ ናት» የሚለው ሙገሳም አይመቸኝም፤ ሴቷ ያን ሁሉ መንገድ መጥታ በመጨረሻ ስሟን ይነጥቃታል። አንድ የጂም አሠልጣኝ «ከባድ አታንሺ፣ ወንድ ትመስያለሽ» ብሎኝ ያውቃል። በጥቂት ወር ብረት ያን ያህል ጡንቻ የሚያወጣ ሴት እንደሌለ ዛሬ አውቃለሁ፤ ጡንቻ የሚያሳድገው ሆርሞን፣ ቴስቶስተሮን፣ በሴት ከወንድ እጅግ ያነሰ ነው፣ መድረክ ላይ የምናያቸው ሴቶች የዓመታት ሥራ ናቸው። ያኔ ግን አምኜው ለሁለት ወር ቀላል ብረት ብቻ አነሳሁ። ያ ቁጭት የመጀመሪያ ታሪኬን አስጻፈኝ።

ጉልበታም ሴት ምን እንደምትመስል ለማየት ጂም ብቻ አትሂዱ። ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርዱትን እንጨት ተሸካሚዎች እዩ። ከ30 ኪሎ በላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረው፣ ጎንበስ ብለው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ባታቸው የደነደነ፣ ክንዳቸው የቀጠነ ነው፤ ሸክሙ የሠራው ቦታ ብቻ ነው ያደገው። ባለታሪካችሁ ምን ስትሠራ ኖረች? እንጀራ ጋጋሪ ናት? ሊጥ አቡኪ? ጡንቻው ከኑሮዋ ጋር ይስማማ። የእኔ ባለታሪኮች ሁሉ ያደጉ ሴቶች ናቸው፣ 34፣ 41፣ አንዷ 58 ዓመቷ ነው፤ ለውጡንም ወይ ይፈልጉታል ወይ በሂደት የራሳቸው ያደርጉታል። ጉልበቱ ሌላ ሰው የጫነባት ሆኖ እስከ መጨረሻው ከቀጠለ አንብቤ አልጨርሰውም።

ልብሱን ለመጨረሻ አቆየሁት። በእንዲህ ዓይነት ታሪክ ሁሉ ልብስ ይቀደዳል፣ አብዛኛውም ያለቦታው ይቀደዳል። ጥሩ ልብስ ሰፊ በጎን ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ይተዋል። በሁለቱም ጎን ከያንዳንዱ ጠርዝ 1 ሴንቲ ብትለቁ ዙሪያው 4 ሴንቲ ይሰፋል፤ ስለዚህ ሴቷ መጀመሪያ ወደ ልብስ ሰፊ ትሂድ፣ አንድ ጊዜ ይለቀቅላት። ሁለተኛ ስትመጣ ትርፉ አልቋል። ልብስ ሰፊዋ ስፌቱን በጣቷ ዳብሳ ዝም ስትል፣ ያ ዝምታ ከመቀደዱ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ነው የሚቀደደው። ከቅርብ ጊዜ ታሪኬ የሚከተለውን እነሆ፦

ብርቄ ጄሪካኑን አነሳች። የጎደለ መስሏት ክዳኑን ከፍታ አየች፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አሏት እማማ ፋናዬ።

«ምንም እማማ፣ ጎድሎ መስሎኝ ነው።»

«እንግዲያ የኔንም ታደርሺልኝ እንደሁ፣ ወገቤ እንቢ ብሎኛል።»

«አምጡት፣ ምን ችግር አለ።» የእሳቸውን በግራ እጇ ያዘች። ድንጋዩን አለፈች። አጥሩን አለፈች። መብራት እንጨቱ ጋ ስትደርስ የቀሚሷ እጅጌ ትርትር ሲል ሰማች።

ይህን ለእናቴ አነበብኩላት። መርፌዋን ሳታስቀምጥ ሰማችኝና «እጅጌው አይደለም» አለች። ተነሺ አለችኝ፣ የደንበኛ ቀሚስ አለበሰችኝ፣ በሁለት እጄ የውሃ ባልዲ አስያዘችኝ። ስሄድ ጀርባዬን በመዳፏ እየዳበሰች ተከተለችኝ። «አየሽ፣ ቀጥ ብለሽ ተሸክመሽ ስትሄጂ ጨርቁ ላላ ነው። አሁን አስቀምጪው።» ጎንበስ ብዬ እጄን ወደ ፊት ስዘረጋ ከብብት ኋላ፣ ጀርባው ከእጅጌው የሚጋጠምበት ስፌት ተወጠረ፤ ጣቷን እዚያው ላይ አሳረፈች። «ይሄ ነው ቀድሞ የሚሄደው።»

አስተካከልኩት። አሁን ብርቄ ከመብራት እንጨቱም አልፋ፣ እማማ ፋናዬ ደጃፍ ትደርሳለች፣ ሁለቱን ጄሪካን መሬት ልታስቀምጥ ጎንበስ ትላለች፣ ስፌቱ የሚሄደው ያኔ ነው፤ አሮጊቷም ነጠላቸውን አውልቀው ጀርባዋ ላይ ጣል ያደርጉላታል።