ቦረቦርን ከጭራው መጠገን፦ በሰሜን ሸዋ ተዳፋቶች ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር፣ ከእነዋሪ ወደ ጀማ ሸለቆ የሚጓዝ ሰው የሚያየውን መልክዓ ምድር ዝናብና ወንዝ ብቻቸውን አልሠሩትም። ማረሻው፣ የከብቱ ዱካና የመንገዱ ቱቦም እጃቸው አለበት።

የመጀመሪያው ስህተት «ክረምቱ ከፍቶ ነው» ብሎ መተው ነው። ሣር በለበሰ ተዳፋት ላይ የሚወርድ ዝናብ ብዙው ይሰርጋል፤ በተጋጠና በተረገጠ መሬት ላይ ግን ይሮጣል። ቦረቦርም፣ ማለትም ጎርፍ የቆፈረው ጥልቅ ቦይ፣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከከብት መንገድ፣ ከማሳ ወሰን ቦይ ወይም ከመንገድ ቱቦ አፍ ነው። ከሁሉ በፊት ወደ ላይ ወጥቶ የውሃውን መነሻ ማየት ይገባል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የቦረቦሩን ጭራ (የታች ጫፉን) እየጠገኑ ራስጌውን (የላይ አፋፉን) መተው ነው። ቦረቦር የሚያድገው ወደ ላይ ነው። ውሃው ከአፋፉ ሲወረወር ሥሩን ይቦረቡረዋል፤ ግድግዳው ይደረመስና አፋፉ ወደ ማሳው ይጠጋል። ስለዚህ በቅድሚያ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ በመቀልበሻ ቦይ ሣር ወዳለበት መውረጃ ይመለስ፤ ክትሩ፣ ማለትም ቦረቦሩን አቋርጦ የሚሠራው የድንጋይ ካብ፣ ከዚያ ይከተላል። የክትሩ መሃል ከጎኖቹ ዝቅ ይበል፤ ጫፎቹም ግድግዳው ውስጥ ገብተው ይቀበሩ። ድንጋዩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከተደረደረ ውሃው በጎን አዲስ መንገድ ይቆፍራል፤ ካቡም ያለ ሥራ ቆሞ ይቀራል። ይህን ያህል የሰው ጉልበት በአንድ ጎርፍ ከንቱ ሲሆን ማየት ያማል።

እርከንን በየቦታው በአንድ ልክ መሥራትም ያው ነው። በቆላው ቀወት ውሃ የሚይዝ አግድም እርከን ይጠቅማል። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ግን ውሃ አቁሮ ገብሱን ያቢጫል፣ ሲሞላም ይበጠሳል፤ ስለዚህ በመጠኑ ወደ መውረጃው ዘንበል ይበል። የእነዋሪ ገበሬዎች ውሃ በሚያቁር ጥቁር ዋልካ መሬት ላይ በእጃቸው ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጡት ውሃው ማሳው ላይ እንዳይተኛ ነው።

«ትንሽ አፈር ብትሄድ ምን ይሆናል?» የሚል ደግሞ ያስላው፦ ከ1 ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢታጠብ 10 ሜትር ኩብ አፈር ሄደ ማለት ነው። ዓይን ግን አያየውም።

በደብረ ሲና በኩል ባለው ገደላማ ቦታ ደግሞ ለቤትም ሆነ ለመንገድ የተዳፋቱን ሥር መቁረጥ ለመሬት መንሸራተት በር ይከፍታል።

የመጨረሻው፣ ሣሩን ማንና መቼ እንደሚያጭድ ሳይስማሙ ተራራን መከለል ነው። የመንዝ ጓሳ የሣር ምድር ለዘመናት የቆየው መቼ ተዘግቶ መቼ እንደሚከፈት ሕዝቡ ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ አስተዳደር ሥርዓት ራሱ ይወስን ስለነበር ነው። ያለ ስምምነት የተከለለ ተራራ በሌሊት ይጋጣል።