የተራራ ብስክሌት ችግርና መፍትሄ፦ እግራችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት

ውድድር ላይ ወደ ኋላ ስንቀር መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ «አቅም የለኝም» የሚል ነው። እኔም አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን እንዲህ እያሰብኩ ነው የከረምኩት። ልምምድ ብጨምርም ለውጥ አልነበረም። ለካ ትልቁ ችግር ጎማዬ ውስጥ ያለው አየር ነበር።

ስለዚህ ምልክቱን እንይ፣ ከዚያ ምክንያቱን፣ ከዚያ መፍትሄውን። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ የቀየራችሁትንም ጻፉት። ሦስት ነገር ባንዴ ከነካካችሁ የቱ እንደጠቀማችሁ፣ የቱ እንዳበላሸባችሁ አታውቁትም።

ኩርባ ላይ የፊት ጎማ ይከዳችኋል፣ ድንጋይ ላይ ብስክሌቱ ይነጥራል

ምክንያት፦ አብዛኛውን ጊዜ ጎማው ከልክ በላይ ተነፍቷል። ጠንካራ ጎማ ለስላሳ አስፋልት ላይ ጥሩ ነው። ድንጋይና የዛፍ ሥር ባለበት መንገድ ግን እያንዳንዷ ጉብታ ብስክሌቱንም እናንተንም ወደ ላይ ታነሳችኋለች፣ ወደፊት ሊወስዳችሁ የሚገባው ጉልበትም እዚያው ያልቃል።

መፍትሄ፦ ክብደታችሁ 70 ኪሎ አካባቢ ከሆነና ጎማችሁ ካላማዳሪ የሌለው፣ ስፋቱም 2.3 ወይም 2.4 ኢንች ከሆነ፣ ከፊት 20 ከኋላ 22 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ የምትከብዱ ጨምሩ፣ የምትቀሉ ቀንሱ። ካላማዳሪ ያለው ከሆነ ደግሞ አራት አምስት ጨምሩበት፣ አለበለዚያ ድንጋይ ሲመታው በቸርኬው ተቆንጥጦ ይቀደዳል።

አሁን ኩርባም ድንጋይም ያለበት አጭር መንገድ ምረጡና ደጋግማችሁ ዙሩት። በየዙሩ 1 ፒኤስአይ እየቀነሳችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ብስክሌቱ ዝም ይላል። ቀጥሎ ኩርባ ላይ መሬቱን ሲነክስ ይሰማችኋል። ከዚያ የሆነ ቦታ ላይ ቸርኬው ድንጋይ ሲነካ «ቋ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ወይም ጎማው ኩርባ ላይ ወደ ጎን ሲታጠፍ ይታወቃችኋል። በቃ፣ ወሰኑ እሱ ነው፤ ሁለት ጨምሩና ቁጥሩን ጻፉ። ሁልጊዜ በአንድ መለኪያ ብቻ ለኩ፣ የተለያዩ መለኪያዎች የተለያየ ቁጥር ያሳያሉና። የውድድር ቀን ጠዋት የለካችሁትንም ልትነሱ ስትሉ ድገሙት። ፀሐይ ላይ የቆመ ጎማ ግፊቱ ይጨምራል።

ተከታታይ ጉብታ ላይ ብስክሌቱ እየጠነከረ ይሄዳል፣ ወይም ኮርቻው ከኋላ ይገፋችኋል

ምክንያት፦ የሾኩ አየርና የመመለሻ ፍጥነቱ አልተስተካከለም። ቀስ ብሎ የሚመለስ ሾክ አንዱን ጉብታ ሳይጨርስ ሌላው ይደርስበታል፣ እየተጨመቀ ይቀርና በመጨረሻ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ቶሎ የሚመለስ ደግሞ እንደ ፈረስ ይረግጣል።

መፍትሄ፦ ከአየሩ ጀምሩ። ጫማና ሄልሜት አድርጋችሁ፣ የምትይዙትን ውሃ ሁሉ ይዛችሁ፣ ግድግዳ ተደግፋችሁ ውጡበት። ሾኩ ላይ ያለችውን ትንሽ የጎማ ቀለበት ወደ ታች ገፍታችሁ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ሳትወዛወዙ ውረዱና የሄደችውን ርቀት ለኩ። ለውድድር ብስክሌት ከፊት ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ ከኋላ ከ20 እስከ 25 በመቶ ቢወርድ ጥሩ ነው። 100 ሚሊ ሜትር የሚሄድ የፊት ሾክ ከሆነ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። አየሩን ሳትጨርሱ የመመለሻውን ቁልፍ አትንኩ፣ አየር በተቀየረ ቁጥር እሱም ይቀየራል። ከዚያ ተቀምጣችሁ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ውረዱ። ኮርቻው አንዴ ወርዶ አንዴ ተመልሶ ከቆመ ልክ ነው። ሁለተኛ ከነጠረ መመለሻውን አንድ ደረጃ አዘግዩት።

ማርሽ ይዘገያል፣ ይንኳኳል፣ ዳገት ላይ ሰንሰለት ይዘላል

እዚህ ጋ ምክንያቱ አንድ አይደለም፣ ለዚህ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ወደ ትልቁ ጥርስ መውጣት ካቃተው ሽቦው ላልቷል፤ ሽቦው ጫፍ ላይ ያለችውን በጣት የምትዞር ማስተካከያ ሩብ ዙር ወደ ግራ አዙሩና ሞክሩ። ወደ ትንሹ መውረድ ካቃተው ወይ ሽቦው ከሯል ወይ ሽቦው የሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ ቆሻሻ ገብቷል። እግራችሁን ስትጭኑ ብቻ ከዘለለ ሰንሰለቱ አልቋል፤ በሰንሰለት መለኪያ አዩት፣ 11 ወይም 12 ማርሽ ከሆነ መለኪያው ላይ 0.5 የሚለው ምልክት ላይ ሲደርስ ቀይሩት። ብትዘገዩ ጥርሶቹንም ይበላል።

ትልቁ ጥርስ ላይ ሲስተካከል ትንሹ ላይ የሚበላሽ ከሆነ ግን ማስተካከያዋን ተዉት። አንድ ምሽት ሙሉ እሷን ሳዞር አምሽቼ፣ በመጨረሻ ከብስክሌቱ ኋላ ቁጢጥ ብዬ ሳይ፣ ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው ሁለት ትናንሽ ጎማዎች ቀጥ ብለው አልወረዱም፤ የታችኛው ወደ ራጆቹ ዘመም ብሏል። ብስክሌቱ በቀኝ ጎኑ ወድቆ ነበር፣ ማርሽ ቀያሪው የሚንጠለጠልባት ሃንገር የሚሏት ቁራጭ ብረት ታጥፋለች። እሷን ማቃናት ወይም መቀየር ነው፣ ሌላ መድኃኒት የለውም። ለውድድር ስትሄዱ አንድ መለዋወጫ ያዙ።

ፍሬን ይጮኻል፣ አይዝም

የፍሬን ፓዱ ዘይት ነክቶታል፣ ብዙ ጊዜ ከሰንሰለት ዘይት ነው የሚመጣው። ዲስኩን በአልኮል ጥረጉ፣ ፓዱን በአሸዋ ወረቀት ፋቅ አድርጉት፤ ዘይቱ ወደ ውስጥ ከገባ ግን ቀይሩት። ከዚያ መካከለኛ ፍጥነት እየሄዳችሁ፣ ጎማው ሳይቆለፍ፣ ፍጥነቱ የእግር እርምጃ እስኪመስል ድረስ፣ 20 ጊዜ ያህል ፍሬን ያዙ። መያዣው እስከ መሪው ድረስ የሚመጣ ከሆነ ዘይት መስመሩ ውስጥ አየር አለ። ሲሞላ አምራቹ የጻፈው የዘይት ዓይነት ብቻ ይግባ። ዶት የሚባለው የፍሬን ዘይትና ሚኒራል ዘይት ቢቀያየሩ ጎሚኒዎቹን ያበላሻሉ።

20 ደቂቃ ላይ እግር ይሞታል

ሁሉም ተስተካክሎ አሁንም ይህ ካለ፣ አዎ፣ አሁን ነገሩ ወደ እናንተ መጥቷል። ግን አሁንም «አቅም የለኝም» አትበሉ። የመጀመሪያና የመጨረሻ ዙር ሰዓታችሁን አወዳድሩ። የመጨረሻው በብዙ ከዘገየ አነሳሳችሁ ነው ችግሩ።

ጠባቡ መንገድ ላይ ቀድሞ ለመግባት መሽቀዳደም ተገቢ ነው፣ ከኋላ የገባ ማለፊያ አያገኝም። ግን ሰውነት ሳይሞቅ አይደረግም። 20 ደቂቃ አሟሙቁ፣ መሃል ላይ ሦስት አጫጭር ጠንካራ ግፊት አስገቡ። ከተነሳችሁ በኋላ አንድ ደቂቃ ከፍ ያለውን ስጡና፣ ጠባቡ መንገድ ላይ ስትገቡ አንድ ሁለት ቃል መናገር እስክትችሉ ድረስ ረገብ በሉ። ይህንን ልምምድ ላይ ሳትሞክሩ ውድድር ላይ አትጀምሩት። በሳምንት አንዴ 4 ጊዜ 4 ደቂቃ ጠንካራ ዳገት፣ መሃሉ ላይ 3 ደቂቃ ረፍት፣ ለዚህ እጅግ ይረዳል። ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚቆይ ውድድር በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋችኋል፣ ሲርባችሁ ሳይሆን ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ።

ልምምድ ላይ ያለፋችሁትን ቁልቁለት ውድድር ላይ ትወድቁበታላችሁ

በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማቲው ቫን ደር ፑል በመጀመሪያው ዙር ከአንድ ቋጥኝ ላይ ክፉኛ ወደቀ። ልምምድ ላይ የነበረው የጣውላ መውረጃ አሁንም ያለ መስሎት ነበር፣ በውድድሩ ቀን ግን ተነስቷል። በዓለም ላይ ካሉት ምርጥ ጋላቢዎች አንዱ ነው እንግዲህ።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላም አለ፦ ደክሞን ዓይናችን ፊት ጎማችን ላይ ይተከላል። የፍሬን ስራችሁን ኩርባው ከመጀመሩ በፊት ጨርሱ፣ ዓይናችሁን መውጫው ላይ ጣሉ። በውድድሩ ቀን ጠዋት አስቸጋሪዎቹን ቦታዎች በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ። ለእያንዳንዱ ሁለት መስመር ምረጡ፣ አንዱ ትኩስ እግር ላላችሁበት፣ አንዱ በመጨረሻው ዙር ክንዳችሁ ሲንቀጠቀጥ የምትወርዱበት።