ቢጫ ማጣሪያ ተገጥሞም ሰማዩ ነጭ ሆኖ ሲወጣ

ደመናው ከሰማዩ ተለይቶ እንዲታይ ተብሎ ሌንሱ ላይ ቢጫ ማጣሪያ ከተገጠመ በኋላ ሰማዩ እንደ ባዶ ወረቀት ነጥቶ መውጣቱ፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም ለሚያነሳ ሰው ተስፋ አስቆራጭ ነው። ይሁን እንጂ ጥፋቱ የማጣሪያው የሚሆነው ከስንት አንዴ ስለሆነ፣ ሌላ ለመግዛት ከመነሳት በፊት ኔጋቲቩን፣ ማለትም ብርሃን የበዛበት ቦታ ጠቁሮ የሚታይበትን የታጠበ ፊልም፣ ወደ ብርሃን አንስቶ በጥሞና መመልከት ያስፈልጋል።

ሰማዩ ያረፈበት የኔጋቲቩ ክፍል ድፍን ጥቁር ከሆነና ጥላዎቹም ከተለመደው በላይ ከጠቆሩ፣ ፊልሙ ከሚገባው በላይ ብርሃን አግኝቷል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ማጣሪያው ለሚያስቀረው ብርሃን የሚደረገው ማካካሻ ሁለት ጊዜ ሲደረግ ነው። ራተን ቁጥር 8 በመባል የሚታወቀው መካከለኛ ቢጫ ማጣሪያ በቀን ብርሃን የማባዣ ቁጥሩ 2 በመሆኑ አንድ ስቶፕ ተጨማሪ ብርሃን፣ ማለትም እጥፍ ብርሃን፣ ይፈልጋል፤ ነገር ግን በሌንሱ በኩል የሚለካ ካሜራ ማጣሪያው ያስቀረውን ብርሃን አስቀድሞ ስለሚያውቀው፣ ባለ 400 አይኤስኦ (ፊልሙ ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚያሳይ ቁጥር) ፊልም የጫነ ሰው መለኪያውን 200 ላይ ካደረገው አንድ ሙሉ ስቶፕ በትርፍ ይገባል፤ ማጣሪያው ያጠቆረውም ሰማይ ተመልሶ ይነጣል። መፍትሄው መለኪያውን በፊልሙ ትክክለኛ ቁጥር ላይ መተው ነው።

ኔጋቲቩ በጠቅላላው ደህና ሆኖ ሰማዩና ደመናው ብቻ አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን ምክንያቱን ከሰማዩ ዘንድ መፈለግ ይገባል። ፓንክሮማቲክ ፊልም፣ ማለትም ሁሉንም ቀለም የሚያየው የተለመደው ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ሰማያዊ ብርሃንን ዓይናችን ከሚያየው የበለጠ አጉልቶ ይቀበላል፤ ቢጫው የሚያደርገው ይህንኑ ትርፍ መቀነስ በመሆኑ፣ ሰማያዊ በሌለበት የሚቀንሰው ነገር አያገኝም። በደመና የተሸፈነ ሰማይ፣ ለፀሐይ የቀረበው አካባቢና ከአድማስ በላይ ያለው ገርጣ ያለ ክፍል በቢጫ ማጣሪያ እምብዛም አይጠቁሩም። ስለዚህ ፀሐይን ከጀርባ ወይም ከጎን አድርጎ ከፍ ያለውንና ጠለቅ ያለ ሰማያዊ የሆነውን የሰማይ ክፍል ማካተት ይሻላል። ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነ ማጣሪያውን መፍታት ወይም ከላይ ወደ ታች እየሳሳ በሚሄድ ግራጫ ማጣሪያ መተካት ያዋጣል።

ደመናው ኔጋቲቩ ላይ በግልጽ እየታየ ከህትመቱ ላይ ብቻ ሲጠፋ፣ ማስተካከያው በጨለማ ክፍል ውስጥ ነው፤ የቀረውን ምስል ከልሎ ለሰማዩ ብቻ ተጨማሪ ብርሃን መስጠት ይበቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰማዩ የሚፈለገውን ያህል ካልጠቆረ፣ ፍላጎቱ ከቢጫ አቅም በላይ ሆኗል ማለት ነው። ብርቱካናማው ቁጥር 21 በግምት ሁለት፣ ቀዩ ቁጥር 25 ደግሞ ሦስት ስቶፕ እየጠየቁ ሰማዩን በእጅጉ ያጠቁራሉ፤ ቀዩ ግን ቅጠላ ቅጠሉንም አብሮ ያጠቁራል። ቢጫን የምመርጠው ስለዚህ ነው፤ ሰማዩን ዓይን ወዳየው ይመልሰዋል እንጂ ማዕበል የመጣ አያስመስለውም።

ኔጋቲቩ በሙሉ ሳስቶ ጥላዎቹ ባዶ ሲሆኑ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ብርሃኑ የተለካው በእጅ መለኪያ ወይም ከሌንሱ ውጭ ባለ የካሜራ መለኪያ ሲሆን ማካካሻው ተረስቷል። 400 የነበረውን 200 ማድረግ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቀይ ብርሃንን በማያይ ኦርቶክሮማቲክ ፊልም ላይ ግን አንድ ስቶፕ ስለማይበቃ የፊልሙን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

ብርሃን ያገኘው ክፍል ደህና ሆኖ ጥላዎቹ ብቻ ሲዋጡ ምክንያቱ ረቂቅ ነው። ጥርት ባለ ቀን ጥላ ውስጥ የሚገባው ብርሃን በአብዛኛው ከሰማያዊው ሰማይ የሚመጣ ስለሆነ ቢጫው እሱንም ያስቀረዋል። በረዶ ላይ ይህ ባሕርይ የገጹን ውቅር ስለሚያወጣ ይጠቅማል፤ በዛፍ ጥላ ሥር ያለ ሰው ሲነሳ ግን ግማሽ ስቶፕ መጨመር ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ መጠቀም ይገባል።

የብርሃን ነጸብራቅ ነጠብጣብ ሆኖ ከታየ ማጣሪያውን ማጽዳትና የሌንስ ጥላ መከለያ መግጠም፣ ማዕዘኖቹ ከጠቆሩ ደግሞ ቢጫውን በሌላ ማጣሪያ ላይ ከመደረብ ይልቅ ለብቻው መግጠም ይበቃል።