ስሜን ላይ ሌሊቱን ለምን በረደኝ? የስሊፒንግ ባግ ችግርና መፍትሄ

ከደባርቅ ተነስቶ ሳንቃ በር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያደረ ራስ ደጀን ድረስ የሄደ ሰው ሲመለስ ስለ ጭላዳውና ስለ ገደሉ ያወራል። ትንሽ ቆይቶ ወሬው ወደ ብርዱ ይዞራል። "እንቅልፍ የሚባል አላየሁም" ይላል። ከዚያ "የትኛውን ስሊፒንግ ባግ ልግዛ?" ብሎ ስለ መኝታ ከረጢቱ ይጠይቃል። እኔ ደግሞ "የቱ ጋ ነው የበረደህ?" እላለሁ። ወገቡን የበረደውና አንገቱን የበረደው ሰው ችግራቸው አንድ አይደለም። ብርዱ በየት እንደገባ ሳያውቁ ሌላ ባግ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

መጀመሪያ ቦታውን እንወቀው። ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ግጭና ጨነቅ 3,600 ሜትር አካባቢ ናቸው። 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት። ስለዚህ በኅዳር ሌሊት አዲስ አበባ 7 ዲግሪ ከሆነች፣ ጨነቅ ላይ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ጠብቁ።

"ላዬ ይሞቃል፣ ወገቤና ዳሌዬ ግን በረዶ ነው"

ይህን የሚል ሰው ባጉን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን ከባጉ ስር የሚነጠፈው የማቱ ነው። ሙቀት የሚይዘው ባጉ የተሞላበት ላባ ራሱ ሳይሆን በላባው መሃል የታሰረው አየር ነው። ስትተኙበት ክብደታችሁ ከስር ያለውን ላባ ይጨፈልቀዋል፣ አየሩም ይወጣል። የቱንም ያህል ውድ ባግ ይሁን፣ ከጀርባችሁ ስር ያለው ክፍል የጨርቅ ያህል ቢያገለግል ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሌሊት ስትነቁ እጃችሁን በባጉና በማቱ መሃል፣ ዳሌያችሁ ስር አስገቡ። እዚያ ከቀዘቀዘ ብርዱ ከመሬት ነው። እኔ አንዴ የተከራየሁት ማት ከጣቴ ውፍረት አይበልጥም ነበር። ባጌ በጣም ጥሩ ነበር፣ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ቁጭ ብዬ ነው ያነጋሁት።

የማት ሙቀት የሚለካው አር ቫልዩ በሚባል ቁጥር ነው። ተራው የስፖንጅ ማት 2 አካባቢ ነው። ውርጭ ለሚወርድበት ሌሊት 4 እና ከዚያ በላይ ፈልጉ። ደስ የሚለው ነገር ቁጥሮቹ ይደመራሉ። ሁለት ስፖንጅ ብትደራርቡ 2 እና 2፣ 4 ሆነ ማለት ነው። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ከባጉ በፊት ማቱን አሻሽሉ።

"ባጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር በቂ ነበር፣ እኔ ግን ተንቀጠቀጥኩ"

የትኛውን ቁጥር ነው ያያችሁት? አይሶ 23537 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የተለካ ባግ ብርድን የሚመለከቱ ሦስት ቁጥሮች አሉት። ኮምፈርት የሚባለው አንዲት ሴት ዘና ብላ የምትተኛበት ሙቀት ነው። ሊሚት ደግሞ አንድ ወንድ ኩርምት ብሎ ሌሊቱን የሚገፋበት ነው። ኤክስትሪም ግን ከሞት ለመትረፍ እንጂ ለእንቅልፍ የተጻፈ አይደለም። አንዳንድ ሻጭ በትልቁ የሚጽፈው ሊሚቱን፣ አልፎ አልፎም ኤክስትሪሙን ነው። እናንተ ኮምፈርቱን ብቻ አንብባችሁ ግዙ። ለስሜን ኮምፈርቱ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ የሆነ ባግ እመርጣለሁ። ብርድ የማይችል ሰው ከዚያም ይውረድ።

ሌላው ስህተት ፋራናይት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ባግ ይልካል፣ ላዩ ላይ 40 ተጽፏል። 40 ፋራናይት ማለት 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ለላንጋኖ ዳርቻ ይበቃል፣ ለጨነቅ አይሆንም። 20 የተጻፈበት ከዜሮ በታች 7 ገደማ ነው። እሱም ቢሆን ኮምፈርቱ ይሁን ሊሚቱ ሳይጠየቅ አይታለፍም።

"የመጀመሪያው ሌሊት ጥሩ ነበር፣ ከዚያ በየቀኑ እየባሰ ሄደ"

ረጅም ጉዞ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ሌሊት ማንኛውም ባግ ይሸከማል። አምስተኛው ሌሊት ላይ ግን ጠላታችሁ እርጥበት ነው።

ጨነቅ ላይ ሦስተኛ ሌሊታችን ነበር። ጠዋት ስነቃ የድንኳኑ ውስጠኛ ሸራ ላይ ነጭ ውርጭ ተጋግሯል። ነካ ሳደርገው እንደ ዱቄት ባጉ ላይ ረገፈ። የባጉ የእግር ጫፍ ሸራውን ሲነካ ስላደረ ረጥቧል። በሁለት ጣቴ ስይዘው ላባው ልክ እንደተነከረ ጥጥ ጓል ሠርቶ ነበር። ጓል የሠራ ላባ አያብጥም፣ ስለዚህ አየር አይዝም፣ ስለዚህ አያሞቅም።

ውሃው የመጣው ከሰማይ አይደለም፣ ከእኛው ትንፋሽና ላብ ነው። ብርዱ ሲጠና አፍንጫችንን ባጉ ውስጥ እንቀብራለን፣ ሌሊቱን ሙሉም ትንፋሻችን ላባው ውስጥ ይገባል። አታድርጉት። ኮፍያ አድርጉ፣ የባጉን ገመድ ፊታችሁ ዙሪያ ሰብስቡ፣ አፍና አፍንጫችሁ ግን ውጭ ይደሩ። የድንኳኑን መተንፈሻ በብርድ ፍራቻ አትዝጉ። ድንኳን ስትተክሉ ረባዳውንና የወንዝ ዳሩን ሽሹ፣ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ይወርዳልና።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የቀን ፀሐይ ተጠቀሙ። ለምሳ ስታርፉ ባጉን አውጥታችሁ ጓሳው ላይ ዘርጉት፣ ገልብጡት። የስሜን የቀትር ፀሐይ በግማሽ ሰዓት ብዙ ይሠራል። ጠዋት እርጥቡን ጠቅልሎ በቅሎ ላይ መጫንና ማታ እንደዚያው መፍታት ነው ሰውን የሚጎዳው። ስትጭኑ ባጉን መጀመሪያ ወፍራም ፌስታል ውስጥ፣ ከዚያ ማዳበሪያ ውስጥ ክተቱ። ማዳበሪያ ብቻውን ውሃ ያስገባል።

በክረምት ዝናብ የምትሄዱ ከሆነ ከላባ ይልቅ ሲንተቲክ፣ ማለትም በሰው ሠራሽ ጭረት የተሞላ ባግ ያዙ። ከበድ ይላል፣ ቦታም ይይዛል፣ ግን ረጥቦም ቢሆን በመጠኑ ያሞቃል። በበጋ ግን ላባን የሚያክል የለም።

"ብርዱ በጎንና በአንገት ይገባል"

ይህ በተለይ የኩዊልት ችግር ነው። ኩዊልት ማለት ጀርባውና ኮፍያው የቀረለት ስሊፒንግ ባግ ነው። ከስር ያለው ላባ ተጨፍልቆ ካላገለገለ ለምን እንሸከመዋለን ከሚል ሐሳብ የመጣ ነው፣ ሐሳቡም ትክክል ነው። ሁሉን በጀርባቸው ተሸክመው ለሚሄዱ ግራም ዋጋ አለው። ዲሲና ቨርጂኒያ አካባቢ ያላችሁ፣ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአፓላቺያን መንገድ በአቅራቢያችሁ ያልፋል። እዚያ ኩዊልት በጣም የተለመደ ነው።

ብርድ የሚገባው ብዙ ጊዜ ጠባብ ስለሚገዛ ነው። በጎናችሁ ተኝታችሁ ጉልበታችሁን ስታጥፉ ጠርዙ ከማቱ መነሳት የለበትም። ከማቱ ጋር የሚያያዝበትን ማሰሪያ አጥብቁ፣ አንገት ላይ ያለውን ገመድ ሰብስቡ፣ ለራስ ደግሞ ወፍራም ኮፍያ ያዙ። ሌሊቱን ስትገላበጡ የምታድሩ ከሆነ ባግ ይሻላችኋል። ስሜን ላይ ደግሞ ዕቃውን በቅሎ ስለሚጭነው፣ ግማሽ ኪሎ ለመቆጠብ ብርድ መግባት አይታየኝም።

"እግሬ ብቻ አይሞቅም"

ቁመታችሁ 1.65 ሆኖ ባጉ ለ1.90 ሰው የተሠራ ከሆነ፣ እግራችሁ ጋ ያለውን ባዶ ቦታ ስታሞቁ ታድራላችሁ። ትርፉን ቦታ በደረቅ ልብስ ሙሉት። ቀን የተሄደበትን ካልሲ አውልቁ፣ ደረቅ ቢመስልም ላብ አለበት። የፈላ ውሃ በጠንካራ ጠርሙስ ሞልቶ እግር ስር ማድረግ ግሩም ነው። በሃይላንድ ግን አትሞክሩት፣ ፕላስቲኩ ይጨማደድና ባጉን ያጥበዋል።

"ጋቢ ደረብኩበት፣ ለውጥ የለውም"

ጋቢን እወዳለሁ፣ ማታ እሳት ዳር የሚተካከለው የለም። ነገር ግን ጥጥ ነው፣ ከባድም ነው። ላባ ባግ ላይ ሲጫን ላባውን ያስተኛዋል፣ እርጥበትም ይመጣል። መደረብ ካለባችሁ ቀለል ያለ ጃኬት ከላይ ጣል አድርጉ፣ ወይም ሱፍ ከውስጥ ልበሱ።

"ድሮ ያሞቀኝ ነበር፣ አሁን ግን ሳስቷል"

ከጉዞ በኋላ በትንሿ ከረጢቱ እንደታጨቀ ቁም ሣጥን ላይ ከርሟል ማለት ነው። ቤት ውስጥ ልቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት ወይም ስቀሉት። ቆሽሾም ከሆነ ላባው ይጣበቃል። ለላባ በተሠራ ሳሙና፣ በለብታ ውሃ፣ በገንዳ ውስጥ እጠቡት። ስታወጡት ከስር ደግፋችሁ አንሱት፣ በአንድ ጫፍ ካንጠለጠላችሁት የውሃው ክብደት ውስጡን ይቀደዋል። ማድረቂያ ማሽን ካላችሁ በዝቅተኛ ሙቀት ከሁለት ሦስት የቴኒስ ኳስ ጋር ክተቱት። ከሌላችሁ ፀሐይ ላይ አንጥፋችሁ በየሰዓቱ ጓሉን በጣት ፍቱት። ሁለትና ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። የትኛውም ክፍል ላይ ጓል በጣታችሁ እስከተሰማችሁ ድረስ ገና አልደረቀም፣ እንዳታስገቡት።