በካንሳስና በነብራስካ ሜዳ በሰመር የጭነት መኪና ለምትነዱ

የአየር ትንበያው «ስላይት ሪስክ» (ለከባድ ነጎድጓዳማ ማዕበል «ትንሽ ስጋት») ሲል ትንሽ ነው ብላችሁ አትለፉት። ከ5 ደረጃዎች 2ኛው ነው፤ መስታወት የሚሰነጥቅ በረዶ በዚያም ቀን ሊወርድ ይችላል። (ስሙን ያወጣው ሰው ሹፌር አይመስለኝም።) «ዎች» (ማዕበል ሊነሳ ይችላል) ከተባለ ነዳጅ ሙሉ፣ መጠለያ ያለበትን መውጫም ከወዲሁ እወቁ። «ዋርኒንግ» (ማዕበሉ ደርሷል ወይም ሊደርስ ነው) ከሆነ ወዲያው ከመንገድ ውጡ። ድልድይ ስር ግን አትቁሙ፦ ነፋሱ እዚያ ይበረታል፣ መንገዱንም ትዘጋላችሁ።

«ሂት ኢንዴክስ» (ከእርጥበቱ ጋር ሰውነት የሚሰማው ሙቀት) የሚሰላው ለጥላ ነው፤ ፀሐይ ላይ የጭነቱን ሸራ ስታስሩ እስከ 15 ዲግሪ ፋራናይት ጨምሩበት። «ዲው ፖይንት» (የአየሩን እርጥበት የሚያሳይ መለኪያ) 70 ዲግሪ ፋራናይት ካለፈ ላብ ቶሎ አይደርቅም፣ ሰውነትም አይበርድም፤ በየ15–20 ደቂቃው አንድ ኩባያ ውሃ ጠጡ። ነጎድጓድ ከተሰማ ሸራውን ትታችሁ ጋቢና ግቡ፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውረዱ።