የጀሪካን ፕላስቲክን በቃጫ አጠናክሮ የበርጩማ መቀመጫ እንዴት እንደሚሠራ

ያረጀ ጀሪካን ቀልጦ ብቻውን ጣውላ ሲሆን ይጎብጣል፤ ሰው በተቀመጠበት ቁጥር መሃሉ እየሰመጠ ይሄዳል። ቃጫ ሲገባበት ግን ቀጥ ይላል። ነገሩ ከጭቃና ከጭድ ጋር አንድ ነው፤ ጭድ የሌለው ጭቃ ግድግዳ አይሆንም። ኮምቦልቻ ጓሮዬ ውስጥ ይህን ሥራ ስሠራ የገባኝ አንድ ነገር አለ፦ ድካሙ ያለው ፕላስቲኩ ላይ ሳይሆን ቃጫው ላይ ነው።

ከዚህ በታች የምጽፈው ልኬት 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው አንድ መቀመጫ ነው። 740 ግራም ፕላስቲክና 180 ግራም ደረቅ ቃጫ ይበቃል፤ ቃጫው ከመቶ 20 ያህል ነው ማለት ነው። ከ30 በላይ ከገባ ፕላስቲኩ ቃጫውን ማልበስ ያቅተዋል።

ፕላስቲኩን መምረጥ

ከታች በሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር ያለበትን ጀሪካን ውሰዱ። ቁጥሩ ከጠፋ ቁራጩን ውሃ ውስጥ ጣሉት፤ የሚፈለገው ይንሳፈፋል። ሃይላንድ የምንለው የውሃ ፕላስቲክ ይሰምጣል፤ እሱ የሚቀልጠው 250 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ቃጫውን ያሳርረዋል። የውሃ ቧንቧ ቁራጭም ይሰምጣል፤ ሲሞቅ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ስለሚያወጣ በፍጹም አታስጠጉት። ጸረ ተባይ የነበረበትን ጀሪካንም ተዉት።

የጀሪካን ፕላስቲክ ሲቀልጥ በጣም ወፍራም ነው፤ በቃጫው መሃል ቶሎ አይፈስም። እኔ 2 ቁጥር ያለባቸውን ክዳኖች ሩብ ያህል እቀላቅልበታለሁ፤ ክዳን ሲቀልጥ ቀጠን ይላል። አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ እንደ ጥፍር አሳንሳችሁ ቁረጡት።

ቃጫውን በሶዳ ማጠብ

የተፋቀ ቃጫ ላዩ ሰም መሰል ነገር አለበት፤ ፕላስቲክ አይዘውም። ኮስቲክ ሶዳ ያንን ልጦ ቃጫውን ያሻክረዋል። በ4 ሊትር ውሃ 200 ግራም ሶዳ፣ ቃጫው 4 ሰዓት ይዘፈዘፍ። ሶዳውን በውሃው ላይ ጥቂት በጥቂት ጨምሩ እንጂ ውሃውን በሶዳው ላይ አታፍስሱ፤ በአንዴ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። የላስቲክ ጓንትና መነጽር የግድ ነው። ባልዲው ፕላስቲክ ይሁን፤ የአሉሚኒየም ዕቃ በሶዳው ይበላል፣ ተቀጣጣይ ጋዝም ያወጣል።

ሶዳ በበዛ ቁጥር የሚጠነክር የሚመስለው ሰው አለ። እኔም ሦስት እጥፍ አድርጌ ነበር፤ ቃጫው ነጭና ለስላሳ ሆኖ ወጣ፣ ግን በሁለት ጣት ስስበው ብጥስ አለ።

ከዚያ ማለቅለቅ ነው። ሶዳው መውጣቱን የማረጋግጠው በእርድ ነው፦ ከመጨረሻው እጣቢ በብርጭቆ ቀድቼ ቁንጥር እርድ እበትንበታለሁ። ወደ ቀይ ቡናማ ካደላ ሶዳ አለ፤ ቢጫ ሆኖ ከቆየ አልቋል። በመጨረሻው ውሃ ላይ ትንሽ አቼቶ ጠብ ማድረግ ሥራውን ያፋጥናል። የመጀመሪያውን ቡናማ እጣቢ ወደ ቦርከና ወንዝ አትልቀቁት፤ ከታች ከብት የሚያጠጣ ሰው አለ። አቼቶ እየጨመራችሁ እርዱ ቢጫ ሆኖ እስኪቀር ድረስ አብርዱት።

ማድረቅ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን መቀመጫዎች የሠራሁት በክረምት፣ ደሴ እህቴ ቤት ነበር። ቃጫውን በረንዳ ላይ ሦስት ቀን ሰቀልኩት። በሐምሌ ጉም ውስጥ ቢሆንም በእጄ ስነካው ደርቋል፤ ደስ ብሎኝ ጨመቅኩት። ፎርማው ውስጥ ሆኖ ትሽሽ ሲል ሰማሁ፤ ዘይት የቀባሁት መስሎኝ ዝም አልኩ። የእህቴ ልጅ በተቀመጠበት በሁለተኛው ቀን መቀመጫው መሃል ለመሃል ተሰብሮ ልጁ ክርኑ ተላጠ። ስብራቱን ሳየው እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን ብቻ ነበር። አንዷን የቃጫ ጭራ ይዤ ስስባት እንደ ጥርስ ሳሙና ክዳን ሳትቸገር ወጣች፤ ፕላስቲኩ አልያዛትም ነበር።

ሲነካ ደረቅ የሚመስል ቃጫ ከክብደቱ ከመቶ 10 ያህል ውሃ ይይዛል። 180 ግራም ቃጫ ውስጥ 18 ግራም፣ አንድ የቡና ስኒ የማይሞላ ውሃ ማለት ነው፤ በ180 ዲግሪ ግን ከ30 ሊትር በላይ እንፋሎት ይሆናል። አንድ ሊትር እንኳን የማይሞላ ጣውላ ውስጥ መሄጃ የለውም።

ስለዚህ ፀሐይ አይበቃም። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ካሰጣችሁት በኋላ 80 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አስገቡት፤ በየሰዓቱ መዝኑት። ሁለት ጊዜ ስትመዝኑ አንድ ዓይነት ቁጥር ከሰጠ ደርቋል። ሚዛን ላይ ገንዘብ አውጡ፤ ግራም የሚለይ የኩሽና ሚዛን ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። የደረቀ ቃጫ ከአየሩ እርጥበት መልሶ ስለሚጠጣ እንደሞቀ ግቡበት፤ ካልሆነም በላስቲክ አጥብቃችሁ እሰሩት።

መደርደርና መጭመቅ

ቃጫውን ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። ከላሜራ የተበየደ፣ ክዳኑ ወደ ውስጥ የሚገባ ፎርማ ውስጥ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፋችሁ፣ አንድ ረድፍ ፕላስቲክ አንድ ረድፍ ቃጫ እያደረጋችሁ ደርድሩ፤ ላይና ታቹ ፕላስቲክ ይሁን። ቃጫው በየአቅጣጫው ይበተን፤ በአንድ መስመር ከተኛ ጣውላው በዚያው መስመር ይሰነጠቃል።

ምግብ የማይገባበት አሮጌ ኦቨን፣ በተከፈተ ቦታ። ፕላስቲኩ 130 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ መሃሉ 170 እስኪደርስ ጠብቁ። 200 አትለፉ፤ ቃጫው ማረር ይጀምራል፣ የተቃጠለ ስኳር ሽታ ከሸተታችሁ አልፏል። የኦቨኑን ቁልፍ አትመኑ፣ ቴርሞሜትር ከቱበት። የእኔ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል።

በወፍራም ጓንት አውጥታችሁ በብረት ፍሬም ውስጥ ባለ 10 ቶን ክሪክ ጨምቁት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ክሪኩ ላላ ስለሚል እንደገና አጥብቁ። በድንጋይ ለመጫን የሞከሩ ጓደኞች አሉኝ፤ አየሩ አይወጣላቸውም። እጅ እስኪያስችል እንደተጨመቀ ይቀዝቅዝ፤ በችኮላ ያወጣችሁት ይጣመማል።

ጠርዙን በመጋዝ ስታስተካክሉ የተቆረጠ ቃጫ ይወጣል። በዚያ በኩል ውሃ ስለሚገባ ቀጭን ፕላስቲክ አድርጋችሁበት፣ በመጋገሪያ ወረቀት ላይ በካውያ ድፈኑት።

ከመሸጣችሁ ወይም ልጅ ከማስቀመጣችሁ በፊት ሁለት ብሎኬት ላይ አጋድማችሁ 50 ኪሎ የእህል ጆንያ ጫኑበትና አሳድሩት። ጠዋት ጆንያውን ሳታነሡ ከዳር እስከ ዳር ክር ወጥሩበት። በክሩና በጣውላው መሃል ትንሿ ጣታችሁ ከገባች መልሳችሁ ቆራርጡትና አቅልጡት፤ ቃጫውን ግን እንደገና መዝኑት።