«በርታ» ብቻ አይበቃም፦ ለብቻ የምትሠሩት የቢላ ልምምድ ላይ አስተያየት መስጠትና መቀበል

ካሊ ወይም አርኒስ የሚባሉትን የፊሊፒንስ የዱላና የቢላ ፍልሚያ ጥበቦች የምትሠሩ ታውቁታላችሁ። ክለብ የሚኬደው በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። ሌላው ቀን ሶፋውን ገፋ አድርጎ፣ የልምምድ ቢላ ይዞ፣ ሳሎን ውስጥ ለብቻ ነው። ፊሊፒኖች እንዲህ ባላጋራ ሳይኖር ለብቻ የሚሠራውን ካሬንዛ ይሉታል። ችግሩ፣ ፊት ለፊታችሁ ሰው ስለሌለ የተበላሸውም እንቅስቃሴ ልክ ይመስላል። ስለዚህ ቀርጻችሁ ለሚያውቅ ሰው ላኩ።

ቢላው የእንጨት ወይም የጎማ ይሁን። የኩሽና ቢላ ይዞ የተቀረጸ ሰው ቪዲዮ ከላከላችሁ፣ ስለ ቴክኒኩ አንድ ቃል ከመናገራችሁ በፊት «መጀመሪያ እሱን አስቀምጥ» በሉት። በዚህ አልደራደርም።

ስልኩን ወገብ ከፍታ ላይ አቁሙት፤ ከራስ እስከ እግር ጣት ይታይ። አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ግማሹን በዝግታ ሥሩት፣ ፍጥነት ስህተት ይደብቃል። ከቪዲዮው ጋር አንድ ጥያቄ ላኩ። «እንዴት ነው?» ካላችሁ የሚመጣው መልስ «አሪፍ ነው፣ በርታ» ነው። «ወደ ኋላ ስረግጥ ሚዛኔን እስታለሁ ወይ?» ስትሉ ግን የሚያየው ሰው ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ምቱን «4ኛ ምት» እያላችሁ በቁጥር ከጠራችሁ ቁጥሩ የየትኛው ስልት እንደሆነም ንገሩት። ሞደርን አርኒስ የሚባለው ስልት 12 የምት አቅጣጫ አለው፤ ሌላው ስልት በራሱ መንገድ ስለሚቆጥር የእናንተ 4 ለእሱ ሌላ ምት ሊሆን ይችላል።

አስተያየት ሰጪው እናንተ ከሆናችሁ ቪዲዮውን ሁለቴ እዩት። በሁለተኛው ቢላውን ተዉትና እግሩንና ባዶ እጁን ብቻ ተከታተሉ። ዓይን ወደ ቢላው ይሳባል፣ ስህተቱ ግን ብዙ ጊዜ እዚያ አይደለም። ባዶውን እጅ ባንታይ ካማይ ይሉታል፣ ጠባቂ እጅ እንደማለት ነው። ለብቻ ሲሠራ የሚጠብቀው ነገር ስለሌለ ይተኛል።

የእኔም ተኝቶ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ በቴሌግራም እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «14ኛው ሰከንድ ላይ፣ ቀኝ እግርህን ስትመልስ፣ ግራ እጅህ ከደረትህ ወርዶ ጭንህ ላይ አረፈ። ሦስት ምት ሙሉ እዚያው ነበር።» «ትኩረት ይጎድልሃል» አላለኝም። ሰከንዱን፣ እግሩን፣ እጁን ነገረኝ፣ አበቃ። ሌላ ስህተት እንዳየ እርግጠኛ ነኝ፤ ግን አንዱን መረጠ። እናንተም አንዱን ምረጡ። አምስት ነገር ባንዴ የተነገረው ሰው አንዱንም አያርምም።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር። «ክፍሉ ስለሚጠብ ነው» ብዬ ልመልስለት ጀመርኩና አጠፋሁት። ቪዲዮውን ከፍቼ 14ኛው ሰከንድ ላይ አቆምኩት። እጄ ጭኔ ላይ ተንጠልጥሏል። ከማግስቱ ጀምሮ ቲሸርቴን ደረቴ ላይ በሁለት ጣት ቆንጥጬ ይዤ ያንኑ እርምጃ ሳምንቱን ሙሉ በዝግታ ደጋገምኩት።

አስተያየት ሲደርሳችሁ እንደዚህ አድርጉ። ከማስረዳታችሁ በፊት ሞክሩት። ከዚያ እዚያው ቦታ ቆማችሁ፣ ስልኩንም እዚያው አድርጋችሁ እንደገና ቅረጹና ሁለቱን ጎን ለጎን ላኩ። ሁለት ሰዎች የሚቃረን ነገር ከነገሯችሁ በጽሑፍ አትከራከሩ፤ ክለብ ስትሄዱ አሰልጣኛችሁ ፊት፣ ባላጋራ ይዛችሁ፣ ሁለቱንም ፈትኑት።

ሁለተኛውን ቪዲዮ ስልክለት «እጅህ ነቅቷል። አሁን ወደ ተረከዝህ እንሂድ» አለኝ።